ሁለት ሚሊዮን እንቁላል

ሰገነት ከባሕር ማዶ በመጣች በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሴቶች አንድ ጥያቄ ይዘው ግቢውን ሞሉት። ለመሆኑ የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ልጅ ቆጵሮስ በሚባል አገር አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጣ የተማረችው ምንድነው? አባትየው ብልህ ናቸው፤ "የባሕር ፍጥረት" ብለው በአጭሩ ያልፉታል። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ዘዴ አታውቅበትም። "ዓሣ እንዴት እንደሚራባ ነው የማጠናው" አለቻቸው። ሴቶቹ ተያዩ። አንዲቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ሌላይቱ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብላ አማተበች። ያን ዕለት ወሬው ተራራው ጫፍ ካለችው አሸተን ማርያም ሳይደርስ አልመሸም።

ዓሣው አንበሳ ዓሣ ይባላል። ቀይና ነጭ ሸንተረር ያለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ለሠርጓ የተኳለች ሙሽራ የሚመስል፣ በገላው ላይ ግን አሥራ ስምንት መርዛም እሾህ የተሸከመ ጉደኛ ፍጥረት ነው። አገሩ ቀይ ባሕር ነበር። ሰዎች በረሃውን ሰንጥቀው የመርከብ መንገድ ካወጡ በኋላ በዚያ እየሾለከ ቆጵሮስ ያለችበት የሰው ባሕር ገባ። በሰው ባሕር የሚደፍረው ጠላት አጣ፤ ተራባ፤ የአገሬውን ዓሣ ግልገል እየለቀመ ባሕሩን ወረሰው። የሰገነት ሥራ የሴቲቱን ሆድ ቀድዶ የእንቁላል ከረጢቷን መመዘን፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ መቁረጥ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየትና መቁጠር ነው። አንዲት እናት ዓሣ ባሕሩ ሲሞቅላት በየሦስትና በየአራት ቀኑ እንደ ንፍጥ የሚያሟልጩ ሁለት ኳሶች ትለቃለች፤ በአንዱ ኳስ ውስጥ ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ እንቁላል አለ። ኳሱ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ማዕበሉ ወደወሰደው ይሄዳል። በዓመት ሲደመር ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይሆናል።

በእያንዳንዱ እንቁላል መሐል ክብ ነገር አለ። በማይክሮስኮፕ ውስጥ ሺህ ዓይን ሳይርገበገብ ቀና ብሎ የሚያይ ይመስላል። ሰገነት አራት ዓመት በዚያ ዓይን ስትታይ ኖራለች። መጀመሪያ ላይ ትስቅበት ነበር። በኋላ ግን መብራቱን አጥፍታ፣ በሩን ቆልፋ፣ ካፌ ገብታ ተቀምጣም የሚያዩዋት ይመስላት ጀመር።

አሁን ደግሞ ይኸው ላሊበላ፣ ከባሕር በስንት ተራራ ርቃ፣ ሌላ ጣጣ መጣባት። ቤተ ክርስቲያኖቹን በሚያገናኘው የዓለት መተላለፊያ ባለፈች ቁጥር የጨው ሽታ ይመታታል። የሻጋታ አይደለም፣ የሌሊት ወፍም አይደለም፤ የባሕር ነው። ግድግዳውን ስትዳስሰው እጇ ረጥቦ ይመለሳል። ታኅሣሥ ነው፤ ዝናብ ከቆመ ወራት አልፎታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ ቀመሰችው። ጨው ጨው አለ። ለማንም አልተናገረችም፤ ሳይንስ የተማረች ልጅ ግድግዳ ላሰች ቢባል ምን ይወጣታል?

ለአንድ ሰው ብቻ ብትነግረው በወደደች። ዲያቆን ምሥጋናው ይባላል። ከአባቷ እግር ሥር ዜማ የተማረ፣ ብራና ላይ ሲጽፍ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሰው ነው። ኔትወርክ እንደ ጉም በሚመጣና በሚሄድበት አገር ስልክ አይታመንም፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት በወረቀት ተጻጻፉ። አስጎብኚው ኢያቄም ፖስታውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፤ ፊቱ ደግ የሚመስል መንገደኛ መርጦ ያስይዛል። ይገርማል፤ አንድም ደብዳቤ አልጠፋም። እሷ ስለ ዓሣው ትጽፍለታለች። አንድ ጊዜ እንዲህ አለችው፦ «ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዱ ሴቲቱን ይዞራታል። ከዚያ ሁለቱም ከጥልቁ አብረው ይወጣሉ፤ የውኃው ገጽ ላይ ሲደርሱ እንቁላሏን ትለቃለች።» እሱም በዚያ በሚያምር የብራና እጁ መለሰላት፦ «የእኛስ አመሻሽ መቼ ነው?» ያቺን አንዲት መስመር ትራሷ ሥር አድርጋ ስትተኛ ከረመች።

ደብዳቤው የቆመው ከስምንት ወር በፊት ነው። የወር አበባዋ ስለቀረ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች፤ ቀስ ብላ ነገረቻት። "ገና ሃያ ስምንት ዓመትሽ ነው፤ የእንቁላልሽ ክምችት ግን አልቋል። የራስሽን ልጅ ትወልጃለሽ ብዬ ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም።" ሰገነት አመስግናት ወጣች። ቀጥታ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ያን ዕለት የተያዘችውን ዓሣ ቀደደች፤ አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ እንቁላል ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ ለምሥጋናው መጻፍ አቃታት።

ለምን እንዳቃታት ላስታን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። ዲያቆን ቄስ ሊሆን ሲል አስቀድሞ ያገባል፤ የሚያገባውም አንዴ ብቻ ነው። ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ማግባት የለም፤ ብትሞትበት እንኳ መንገዱ ወደ ምንኩስና ነው። ምሥጋናው ደግሞ ለእናቱ የቀረ አንድ ልጅ ነው። ቅድመ አያቱም አያቱም አባቱም በአንድ መቅደስ አገልግለው ያለፉ ቀሳውስት ናቸው። ሰገነትን ቢያገባ ያ ሁሉ ትውልድ እሱ ላይ ይቆማል። ብትነግረው "ግዴለም" እንደሚል ታውቃለች። እንዲል አልፈለገችም። እንዲልም አጥብቃ ትፈልግ ነበር።

*

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በቤተ ማርያም ደጅ ተገናኙ። ምእመኑ ከየአገሩ በእግሩ ጎርፎ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። ምሥጋናው ከመተላለፊያው ጨለማ ወጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ዓይኗን ፈለገ፤ እሷ የባዶ እግሩን ጣቶች ታይ ነበር።

"እንኳን ደኅና ገባሽ።"

"እንኳን ደኅና ቆየኸኝ።"

"ስምንት ወር ሆነው፣ ሰገነት።"

"ሥራ በዛብኝ።"

"ዓሦቹ በዙ?"

"በዙ።"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ስሚኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከጥምቀት በኋላ ጳጳሱ ይመጣሉ፤ ቅስና ተቀበል ተብያለሁ። እናቴ ኩልመስክ ድረስ ሄዳ ልጅ አይታልኛለች። እሺም እምቢም አላልሁ። በየቅዳሴው ክርስትና ስምሽን እያነሣሁ አንቺን ስጠብቅ ነው የኖርሁ። ሐሳብሽ ተለውጦ እንደሁ ንገሪኝ። ናፍቆቱን እችለዋለሁ፤ አለማወቁን ግን አልቻልሁትም።"

ሰገነት ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ሥር የድካም ጥላ አለ፤ ያም ሆኖ ያያት እንደ ድሮው ነው፤ ቃሉን ሳይጨርስ ገጹን እንደማይገልጥ ሰው፣ በትዕግሥት። ሁሉንም ልትነግረው አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት እናቱ እማማ አዛለች ከሕዝቡ መሐል ወጥተው መጡና ደክሟቸው ኖሮ የልጃቸውን ትከሻ ያዙ። ሌላ የሚይዙት ትከሻ በዓለም ላይ የላቸውም።

"እናትህ የሚያደርጉትን ያውቃሉ" አለችው።

ምሥጋናው ፊቱ ጠቆረ። "እግዜር ይስጥልኝ፤ አወቅሁት" ብሎ እናቱን ደግፎ ሄደ። ሰገነት እዚያው ቆማ ቀረች። እንደማትወልድ የተነገራት ቀን ያላለቀሰችው ልቅሶ ያን ጊዜ ከጉሮሮዋ ደረሰ፤ ዋጠችው፤ ጨው ጨው አለ።

*

ምሥጢሩን የሚያውቁት የአባቷ እኅት እትዬ አሰለች ብቻ ናቸው። አፋቸው ስለት ነው፤ ልባቸው ቅቤ።

"የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ" አሉ በዚያው ማታ ጓዳ ከተው ሲያናግሯት። "የዓሣውን ሚሊዮን ትቆጥሪያለሽ፤ ላንቺ አንዲት ይጥፋ? ስሚኝማ። የቤተ ማርያም ኩሬ አለ አይደል?"

"እትዬ፣ ይተዉኝ እባክዎ።"

"ምን ይተዉኝ አለብሽ! በገና ሰሞን ስንቷ መካን በገመድ ወርዳ በዓመቱ ልጅ አዝላ መጥታለች። በሰው አፍ አይደለም፤ በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁ።"

"እንቁላል ከሌለ ኩሬው ከየት ያመጣዋል?"

"እንዲያ ነው? ዓለቱን መላእክት ናቸው የፈለፈሉት ስትይ አድገሽ፣ ዛሬ ስለ አንዲት እንቁላል እኔን ትመረምሪኛለሽ?"

ሰገነት ሳቀች፤ እየሳቀችም አለቀሰች። ችግሩ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ወደዚያ ውኃ የሚወርዱት አግብተው ልጅ የዘገየባቸው ባለትዳሮች ናቸው። ያላገባች ልጅ ወረደች ቢባል ነውሩ ለአባቷ ይተርፋል። "ትከናነቢያለሽ" አሉ እትዬ አሰለች። "ዘንድሮ ገመዱን የሚይዙት ከሌላ ደብር የመጡ ዲያቆናት ናቸው፤ ማን ያውቅሻል?"

ለምን እሺ እንዳለች እሷም አታውቅም። ያመነች አይመስለኝም። ግን ተስፋም እንደ ውኃ ነው፤ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በገና ማግሥት ረፋዱ ላይ ወረደች። ኩሬው ዓለቱ ውስጥ ወደ ታች የተቆፈረ ነው፤ ላዩን የሸፈነው አረንጓዴ ነገር ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ የሚረገጥ መስክ ይመስላል። ሴቶች ተራ ይዘዋል። አንዲቱ እየጮኸች ወርዳ እየጮኸች ወጣች፤ ሌላይቱ ወርዳ ስትወጣ ቃል አልተነፈሰችም፤ ጥርሷ ብቻ ይንገጫገጭ ነበር። የሰገነት ተራ ደረሰ። ሁለት ሴቶች ገመዱን ብብቷ ሥር አሰሩላት። ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን ዘርግተው "ክርስትና ስምሽ ማነው?" አሏት።

ይህን አላሰበችበትም። በማርያም ደጅ ደግሞ ስም አይዋሽም።

"ኂሩተ ሥላሴ" አለች በለሆሳስ።

ገመዱ በድንገት ተወጥሮ ትንፋሿን ቆረጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ ላላ። ማን እንደያዘው ዞራ አላየችም፤ እግሯ ውኃውን ነክቶ ነበርና።

አረንጓዴው ተከፍሎ ዋጣት፤ ከበላይዋም መልሶ ገጠመ። የሰው ድምፅ፣ ጸሎቱ፣ እልልታው ባንድ ጊዜ ጠፋ። ዓይኗን ከፈተች፤ ውኃ ውስጥ ዓይን መክፈት ለሷ ሥራዋ ነው። ከእግሯ በታች የኩሬው ወለል መኖር ነበረበት። የለም። ጥቁሩ ወደ ታች ይቀጥላል፤ ከዚያ ጥቁር ውስጥም ዝም ብሎ የሚመለከታት ነገር እንዳለ ገላዋ ነገራት። ከዚያ ለስላሳ፣ ክብ፣ የሚያሟልጭ ነገር ጭኗን ታክኮ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ወዲያው ሁለተኛው ተከተለው። እጇ ያን ነገር ያውቀዋል፤ አራት ዓመት ሙሉ ዳስሶታል። "ያ ዓሣ ጨው በሌለበት ውኃ አይኖርም፤ ሊሆን አይችልም" አለች በልቧ። አፏ ውስጥ የገባው ውኃ ግን ጨው ነበር።

ጎትተው አወጧት። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ተንሸራቶ ውኃው ላይ ቀረ። እንደ ሌላ ጨርቅ ትንሽ እንኳ አልተንሳፈፈም፤ ከታች የያዘው ሰው ያለ ይመስል ቀጥ ብሎ ሰመጠ። ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ተራ የያዙት ሴቶች አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሰገነት ፊቷ እንደተገለጠ ቀና ስትል ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ የቆመውን አየችው። የእንግዳው ደብር ዲያቆን ታሞ ኖሮ በሱ ቦታ ምሥጋናው ተተክቷል።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ገመዱን ለሌላ ሰው አስይዞ፣ መስቀሉን ተሳልሞ፣ በሕዝቡ መሐል ወጣ። ገመዱ ላይ እጁ በነበረበት ቦታ ደም ነበረ። ሰገነት እርጥብ ልብሷ ላይዋ ላይ እየቀዘቀዘ ያን ደም ስታይ፣ ሰው እንዴት አድርጎ ቢወድ ነው የማይለቅ ብላ አሰበች።

*

ደብዳቤው በማግሥቱ በኢያቄም እጅ መጣ። ጽሕፈቱ ያው የብራና ጽሕፈት ነው፤ አንዲት ፊደል አልተዛባችም።

«ለክብርት ሰገነት። ስምሽን በሰማሁ ጊዜ ገመዱን ልለቀው ነበር፤ ማርያም ናት የያዘችልኝ። ወደዚያ ውኃ የምትወርድ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች አንቺም እኔም እናውቃለን። ማግባትሽን ካንቺ አፍ ብሰማው በወደድሁ። አልቀየምሽም። ባልሽን ደግ ሰው ያድርግልሽ፤ የፈለግሽውንም ልጅ ይስጥሽ። የኩልመስኳን እሺ ብያለሁ፤ እሑድ ሽማግሌ ይሄዳል። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ስለት ላደርስ ይምርሐነ ክርስቶስ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ በቅዳሴ ስምሽን የማነሣ ከነባልሽ ነው። ክርስትና ስሙን ላኪልኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አግብታለች ብሎ አስቧል! እንዴት እንዲህ ያስባል ብላ ልትናደድ ፈለገች፤ ግን ማን ይፈርድበታል? ያላገባች ልጅ ወደዚያ ኩሬ ወርዳ አታውቅም። ከንዴቱ በኋላ የመጣው ሐሳብ ደግሞ የባሰ ነበር። ዝም ብትልስ? ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ መስመር ይይዛል። እሱ ያገባል፣ ይወልዳል፤ እማማ አዛለች የልጅ ልጅ ያቅፋሉ፤ መቅደሱም ወራሽ አያጣም። እሷ ወደ ዓሦቿ ትመለሳለች። ከሷ የሚጠበቀው አንድ የውሸት ስም ጽፎ መላክ ብቻ ነው።

ወረቀትና ብዕር አቀረበች። ምሥጋናው መቅደስ ውስጥ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለሌለ ባል ከልቡ ሲጸልይ ታያት። ብዕሩን አስቀመጠች። ፍቅር ብዙ ነገር ያስችላል፤ ይህን ግን አላስቻላትም።

ቅዳሜ ጧት በፒክአፕ ተጭና ይምርሐነ ክርስቶስ ወረደች። ከመኪናው ወርዳ በጽዱ መሐል ያለውን ዳገት ስትወጣ ሰው አላጋጠማትም፤ ወፍም አልጮኸም። ዋሻው አፉን ከፍቶ ጠበቃት። ነጭና ጥቁሩ ቤተ ክርስቲያን ከውስጡ በደብዛዛው ብርሃን ይታያል። ይህ ቤተ ክርስቲያን የቆመው በባሕር ላይ ነው ይባላል፤ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ክዳን አለ፤ ሲነሣ ከሥር ውኃው ይታያል። ምሥጋናው ክዳኑን አንሥቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ታች እያየ ነበር። ሰገነት ገና ሳትጠጋው ያ የጨው ሽታ ተቀበላት።

"ክርስትና ስሙን አምጥተሽ ነው?" አለ ቀና ሳይል።

"ስም የለውም።"

"አልተጠመቀም?"

"አልተፈጠረም። ባል የለኝም፣ ምሥጋናው።"

ቀና አለ። እጆቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። "ወደ ኩሬው ግን ወርደሻል።"

"ወርጃለሁ።"

"ያላገባች ልጅ እዚያ ምን ልትፈልግ ትወርዳለች?"

"ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። እስክጨርስ ግን አትናገረኝ፤ ከተናገርኸኝ ድፍረቴ ያልቃል።"

ነገረችው። ስለ ሐኪሟ ነገረችው፤ ያን ዕለት ተመልሳ ስለቆጠረችው አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ እንቁላል ነገረችው፤ ጀምራ ስለቀደደቻቸው ደብዳቤዎች ነገረችው። "አልወልድም" አለች በመጨረሻ። "ዘንድሮም አይደለም፣ ከርሞም አይደለም። መካን ነኝ። እዚያ ውኃ ውስጥ የወረድሁት ለማላገባው ባል ነው። ላንተ ነው።"

ከክዳኑ ሥር ውኃው እንደ ተኛ ሰው ተነፈሰ። ሁለቱም ሰሙት፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ። ምሥጋናው ጉንጩ ርሷል።

"ስምንት ወር ይህን ብቻሽን ተሸከምሽው?"

"ምን ላድርግ? ቄስ የሚያገባ አንዴ ነው። ለዚያ ነው የሸሸሁህ።"

"እኔ ደግሞ ለዚያ ነው የማልለቅሽ!" አለ፤ ድምፁ ዋሻውን ዞሮ ተመልሶ መጣ። "አንዴ ብቻ አይደል የተሰጠኝ? ብዙ ቢሆንማ አንዱን ለናቴ፣ አንዱን ለመቅደሱ እሰጥ ነበር። አንድ ነው ያለኝ፣ ሰገነት። ላንቺ ካልሰጠሁት ለማን ላስቀምጠው?"

"እኔስ?" አለ ከኋላቸው ያለ ድምፅ። "እኔንስ ማን ጠየቀኝ?"

እማማ አዛለች ነበሩ። የንጉሡን የይምርሐነ ክርስቶስን መቃብር ተሳልመው በጨለማው በኩል ሲመጡ ሁሉንም ሰምተዋል። ሰገነት የሸሸችው ከምሥጋናው ሳይሆን ከዚህች ደቂቃ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀችው።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እኮ ልሄድ ነበር፤ እውነቱን ነግሬው ልሄድ…"

"ዝም በይ፣ ልጄ። ጆሮዬ አላረጀም።" በትራቸውን እያንኳኩ አለፏቸው። "ኑ፣ ወዲህ።"

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በዋሻው ሆድ ውስጥ፣ ከዝቅተኛው ግንብ ማዶ፣ ሬሳዎቹ አሉ። ከስንት መቶ ዓመት በፊት ከየት እንደመጡ የማይታወቅ ምእመናን እንደወደቁ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተዋል። ቆዳው ያልለቀቀው አለ፤ ጠጉሩ ያልረገፈ አለ፤ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ሊናገር የተቃረበ የሚመስል አለ። ብርዱ ከነሱ የሚወጣ ይመስል ነበር። ማንም ያልዘጋው ክዳን ከኋላ እንደተከፈተ ነው፤ ከሥሩ አንድ ነገር ወለሉን ቀስ ብሎ ታክኮ ሲያልፍ ይሰማል። እማማ አዛለች ግንቡን ተደግፈው ቆሙ።

"ሰባት ወልጄ ስድስት ቀብሬያለሁ" አሉ ወደ ሬሳዎቹ እያዩ። "አንዱን በቀበርሁ ቁጥር እዚህ እየመጣሁ እነዚህን ስመለከት ኖርሁ። አንቺ የማሕፀን ነገር የተማርሽ ነሽ አሉ። እስቲ ለይተሽ ንገሪኝ፤ ከነዚህ የወለደው የትኛው ነው? መካኑስ የትኛው ነው?"

ሰገነት አየች። እውነትም ለመለየት እንደሚፈልግ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ ዓይኗን አዛወረች። ቆጥራ የማትጨርሰው ነገር ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አላውቅም፣ እማማ።"

"እኔም አላወቅሁም" አሉ አሮጊቷ። ምሥጋናው ሊይዛቸው እጁን ሲዘረጋ በበትራቸው ገፋ አደረጉት። "ቆይ አንተ። የምነግር ለሷ ነው። አላዘንሁም አልልሽም፣ ልጄ፤ ቤተ እግዚአብሔር ነው፤ አልዋሽሽም። የልጅ ልጅ አቅፌ ልሞት ነበር ሐሳቤ። ያን ሐሳብ ዛሬ እዚህ ከነዚህ ጋር አስተኝቼው መሄዴ ነው። የኩልመስኳ ልጅ ወላድ ናት፤ የልጄን ፊት ግን እንዲህ አታበራውም። አየሁት እኮ አሁን። እያለቀስሁ ነው የምመርቅሽ። እያለቀሱ የመረቁት ምርቃት ይደርስ እንደሁ አላውቅም፤ ያለኝ ግን እሱ ነው።"

እጃቸውን አንሥተው ራሷ ላይ ጫኑ። "የልጄ ደስታ ያድርግሽ" አሉ። ሌላም ምርቃት ነበራቸው፤ እናት ሁሉ ሙሽራን የምትመርቀው፣ ሁሉም የሚያውቀው ምርቃት። ከንፈራቸው ድረስ መጣ። ዋጡት።

ሰገነት ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ደስ ብሏት ነበር፤ በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ራሷ ላይ ያረፈችው እጅ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሕፃን ለማቀፍ ስትጠብቅ የኖረች እጅ ናት፤ ሰገነትም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ እጂቱ በራሷ ጊዜ እስክትነሣ ድረስ ቀና ለማለት አልደፈረችም።